ሹራብ የለበሰ ብርጭቆ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የማወራችሁ ሌሎች እናቶችና አያቶች ያጫወቱኝን ነው። የዛሬው ግን የራሴ ጥፋት ነው። ከትርፍ ክር ስለሚሠራ የብርጭቆ ሹራብ ልጽፍላችሁ ተነሳሁ፤ ሹራቡ ወደ ቤቴ እንዴት እንደገባ ሳልናገር አሠራሩን ብቻ ብነግራችሁ ግማሹን ደብቄ እንደማለፍ ሆነብኝ።

ቤቴ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ጎረቤት በጃንጥላና በፌስታል ተሸፍኖ ቡና ወደተፈላበት ቤት ይሮጣል። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበር። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጧል፣ አቦሉ ተቀድቷል። አዴ እያልኩ የምጠራት ጎረቤቴ ጨጓራዋን ስለሚያማት ቡና ትታለች፤ ለእሷ ሻይ በብርጭቆ ቀድቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው የልጅ ልጄ ከአጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በባዶ ስኒ ይጫወታል። እናትና አባቱ ገበያ ሲወጡ እኔ ዘንድ ትተውት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ዳንቴል የእጄ ሥራ ነው። ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት አራት ወር ፈጅቶብኛል። ከመሐሉ ተጀምሮ ዙሪያውን እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሥራ ነው፤ ጫፉ ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ወርዶ ይንጠለጠል ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደንቀው ያንን የተንጠለጠለውን ጫፍ ነው።

ፈንድሻው ቁም ሳጥን ላይ ስለነበር ላወርድ ተነሳሁ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚባለው ለእኔ ነው። ልጁ ሊነሳ ፈልጎ እጁ ያገኘውን ያዘ፤ ያገኘው ደግሞ ዳንቴሉን ነው። ሲጎትተው የሻዩ ብርጭቆ ተከትሎ መጣና ግራ ክንዱ ላይ ተደፋ።

ያን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። እኔ ወደ ቅቤው ዕቃ ሮጥኩ። አንዷ ጎረቤቴ "የጥርስ ሳሙና! የጥርስ ሳሙና አምጡ!" ትላለች። ሰርቪሴን ተከራይቶ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጩኸቱን ሰምቶ ገባና "እማማ፣ ቅቤውን ይተዉት፤ ውሃ የት ነው ያለው?" አለኝ። ልጁን አቅፎ ወደ በርሜሉ ወሰደው፣ ሹራቡን አወለቀለትና በጣሳ ቀስ እያደረገ ክንዱ ላይ ያፈስለት ጀመር። እኔ ሁለት ሦስት ጣሳ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። እሱ ሰዓቱን እያየ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አፈሰሰለት። ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ላላ አድርገን ሸፍነን ወደ ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙም "ውሃው ነው የረዳው" አለን።

እግረ መንገዴን ይህን ያዙልኝ። ልጅ በሙቅ ነገር ሲቃጠል የመጀመሪያው መድኃኒት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው፤ እሱም ለ20 ደቂቃ። ልብሱንና አምባሩን ቶሎ አውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አትላጡ። ውሃው ሲፈስበት ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፈን አድርጉት። በረዶ ቆዳውን ይጎዳል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና እንቁላል ሙቀቱን እዚያው ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ሊበክሉት ይችላሉ። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለልጅ ግን ምንም ልዩነት የለውም። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንኳ የአዋቂን ቆዳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል።

ምራቴ ስትመጣ አልጮኸችም። "ምንም አይደለም እማማ፣ ልጅ ነው፣ ይድናል" አለችኝና ልጇን አቅፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ልጁ ወደ እኔ መምጣት ቀረ። አንድ ቅዳሜ ዝናቡ፣ አንድ ቅዳሜ ጉንፋን፣ አንድ ቅዳሜ እህቷ ከአጋሮ መጥታ። እኔ ስሄድ ቡና ይፈላልኛል፣ ከጀርባዬ ትራስ ይደረግልኛል፤ ልጁ ግን ከእናቱ ጭን አይወርድም። ልጄ መሐላችን ቁጭ ብሎ ስለ አየሩና ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ደህና ግን አልነበረም።

አንድ ማታ የታጠበውን ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ልመልስ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ቁጭ ብዬ ጫፉን መፍታት ጀመርኩ። የእጅ ሥራ የምታውቁ እንደምትረዱት፣ ዙሪያውን የተሠራ ዳንቴል የሚፈታው ከመጨረሻው ዙር ነው፤ ቋጠሮውን አንዴ ካገኛችሁት ክሩ እየተሳበ ይመጣል። የሳምንታት ድካሜ በአንድ ምሽት ተፈታ። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን አቆምኩና የቀረውን ቋጠርኩ። አሁን የሚጎተት ጫፍ የለውም።

የተፈታ ክር እንደተነቀሰ ሹሩባ የተጠማዘዘ ነው፤ እንዲሁ ቢሠሩበት ሥራው ይጎረብጣል። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገልብጬ ክሩን በእግሮቹ ዙሪያ ጠመጠምኩት፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው በርጩማችን ለዚህም ይሆናል። ከዚያ እንዳይተበተብ ሦስት አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጌ አሰርኩና አወጣሁት። ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥዬበት ጥላ ውስጥ ሰቀልኩት። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ነበር።

ከአልጋዬ ሥር ደግሞ አንድ የክር ፌስታል አለ። የአብዛኞቻችሁም ቤት እንደዚህ ያለ ፌስታል አይጠፋም። ሰማያዊው ልጄ አንደኛ ደረጃ ሲማር ከሠራሁለት ሹራብ የተረፈ ነው። ቀዩ የሴት ልጄ ኮፍያ ትራፊ ነው። ቡኒው የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአንገት ልብሱ ነው። አንዱም ለሌላ ሹራብ አይበቃም፤ ለመጣል ደግሞ እጅ አይዘረጋም። ዳንቴሉ ነጭ ክር ሲጨመርበት ለምን እንደሚሆን አሰብኩ፤ የሻይ ብርጭቆ ትዝ አለኝ።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዞች ለሻይ ማፍያቸው የተሠራ ኮፍያ መሰል ልባስ ማልበስ ከጀመሩ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የእኛም ቤት ቢሆን ነገር ሲሸፈን ደስ ይለዋል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ሶፋው፣ ረከቦት ላይ የተደረደረው ስኒ ሁሉ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴልና ኪሮሽ የሚሉት ሁለቱ ቃላት ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን የኢትዮጵያ እናት ሁሉ ቋንቋ ሆነዋል። ልባሱ የሚሠራው በቀላል ምክንያት ነው። ብርጭቆ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ጣት ያሳልፋል። በክሩ ውስጥ የተያዘው አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ስለዚህ እጅ አይፋጅም፣ ሻዩም ቶሎ አይበርድም። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ቢያለብሱት በተራው ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ለስኒ ግን አትድከሙ፤ ስኒ በከንፈሩ ተይዞ ቶሎ የሚጠጣ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የሹራብ መርፌዎች ይበቃሉ። የእኔ የዳንቴል ክር ቀጭን ስለሆነ አራት አራት አድርጌ አንድ ላይ ይዤዋለሁ። ዙሪያው 20 ሴንቲሜትር ያህል ለሆነ ብርጭቆ 36 ቀለበት መርፌው ላይ አውጡ። ቁጥሩ ለአራት የሚካፈል ይሁን፤ ምክንያቱም የምትሠሩት ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ እያፈራረቃችሁ ነው፤ ልክ እንደ ሹራብ እጅጌ ጫፍ። እያንዳንዱን መስመር በሁለት የፊት ትጀምራላችሁ፣ በሁለት የኋላ ትጨርሳላችሁ። ሥራው ሳይለጠጥ ስታዩት ከብርጭቆው በጣም ይጠብባል። አትደንግጡ፤ ሲለብስ ይለጠጥና ብርጭቆውን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሰባት ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ሲደርስ ዝጉና ጎንና ጎኑን በመርፌ ስፉት።

ሦስት ነገር እንዳትረሱ። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ብርጭቆ ባዶውን ይቅር፤ ከንፈር ክር መንካት የለበትም፣ ሻይም ይነካዋል። ከታች ክፍት ይሁን፤ ክር የተሸፈነ ቂጥ ብርጭቆውን ያወላግደዋል፣ የሚወላገድ ብርጭቆ ደግሞ ከእኔ ታሪክ በኋላ ማንም አይፈልግም። ሦስተኛ፣ ትርፍ ክር ትርፍ ስለሆነ መሐል ላይ ያልቃል። ለመዝጊያው መስመር የሥራውን ስፋት አራት እጥፍ የሚሆን ክር መቅረቱን አስቀድማችሁ ለኩ፤ ካነሰ ቀለም ለውጡ። ለአንድ ብርጭቆ በጠቅላላው ከ15 እስከ 20 ሜትር ክር ይበቃል። በኪሮሽ ለምትሠሩ፣ የኪሮሽ ሥራ እንደዚህ ስለማይለጠጥ ሰንሰለቱን በብርጭቆው ዙሪያ ለክታችሁ ጀምሩ።

ክሩ ምን እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። ትራፊ ክር ወረቀቱ ስለጠፋበት ብዙ ጊዜ አይታወቅም። አንድ ጣት ያህል ቆርጣችሁ በብረት መቆንጠጫ ያዙና ልጅ በሌለበት፣ ሣህን ላይ፣ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አክሪሊክ ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው አክሪሊክ ነው። ለብርጭቆ ምንም አይልም። ከከሰል ምድጃና ከጋለ ጀበና አጠገብ ግን አታስጠጉት፣ በጋለ ካውያም አትተኩሱት። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ በቀዝቃዛ እጠቡት። ቀይና ጥቁር ክርን ደግሞ ከነጭ ጋር ከማዋሐዳችሁ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ጨርቁ ከቀላ ክሩ ይለቃል።

ጳጉሜን ሲያልቅ አራት ጨርሼ ነበር። ለልጄ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ለምራቴ ቡኒ መስመር ያለው፣ ለእንግዳ ነጭ፣ ለሕፃኑ ሙሉ ቀይ። የእንቁጣጣሽ ዕለት በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። በልቤ ሹራቡ ይቅርታ የሚጠይቅልኝ መስሎኝ ነበር።

ምራቴ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ። ሻይ ቀዳች፣ ሹራቡን አለበሰችውና በሁለት እጇ ያዘችው። ረጅም ጊዜ ያዘችው። "እማማ፣ ውጪው ምንም አይሞቅም" አለች። ደስ አለኝ፤ ሥራዬን ያደነቀች መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "እንግዲያው እሱ በምን ያውቃል?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። ባዶ ብርጭቆ ቢያንስ ጣት ሲነካው "ተመለስ" ይላል። እኔ ያንን ማስጠንቀቂያ በክር ሸፍኜ፣ ሻዩ እንደፈላ እንዲቆይ አድርጌ፣ በዚያ ላይ ሕፃን የሚጠራ ቀለም ጨምሬበት ነው የመጣሁት።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀመጠችው። "ያን ዕለት ምንም አይደለም ያልኩዎት ውሸቴን ነው" አለችኝ። "በጣም ተናድጄ ነበር። ክንዱን ባየሁ ቁጥር ይነደኛል። እንዳልናገር እርስዎን ማስቀየም ፈራሁ፣ እንዳልተወው አልወጣልህ አለኝ።" እንባዋ መጣ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ "እግዜር አተረፈው"፣ "ክፉ ቀን ነው" እያልኩ ነበር እንጂ "እኔ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ" ብዬ አላውቅም። ቀኑን እንጂ ራሴን አልወቀስኩም። "ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ" አልኳት። ልጄ ስለ አየሩ ማውራቱን ተወ።

ያን ቀን ብዙ አወራን። እኔና እሷ ሁለት ወር ሙሉ ሹራብ እንደለበሰ ብርጭቆ ነበርን፤ ከውጭ ለብ ያልን፣ ከውስጥ ግን ያልበረድን። ልጁ እኔ ቤት እንዲመጣም ተስማማን፤ ያለ ሕግ ግን አይደለም፣ ሕጉንም ያወጣችው እሷ ናት።

ደማቅ ቀለም ያለው ሹራብ የልጁ ብቻ ነው፤ የሚለብሰውም የፕላስቲክ ኩባያው ነው፣ ለብ ያለ ወተት ለያዘ። የአዋቂ ብርጭቆ ቡኒና ነጭ ለብሶ ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ መሐል ላይ ይቀመጣል። ልጅ ያቀፈ ሰው ሻይም ቡናም አይዝም፤ ወይ ልጁን ወይ ብርጭቆውን። የሚንጠለጠል የጠረጴዛ ልብስ በቤታችን ቀርቷል። ጀበና ባለበት ዙሪያ ዕቃ ለማምጣት የሚነሳ ሰው ልጁን ለሌላ ሰው በስም ጠርቶ አደራ ይላል፤ "እያያችሁት" ብሎ ለሁሉም የተተወ ልጅ ማንም አያየውምና። ልጁ ደግሞ ሙቀትን በመንካት ሳይሆን እንፋሎቱን በማየት እንዲያውቅ እናስተምረዋለን።

አዴ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ለራሷ ሁለት የብርጭቆ ሹራብ አዘዘችኝ። "ያ ሻይ የእኔ ነበር እኮ" ትላለች፤ እሷም ለካ በልቧ ይዛው ኖራለች። እኔም ሠርቼ ከመስጠት ይልቅ የአሥር ዓመት የልጅ ልጇን ላስተምርላት አልኳት። ልጅቷ የመጀመሪያውን በሦስት ከሰዓት ጨረሰች። አንዱ ጎኑ ከሌላው ይረዝማል፣ መሐሉ ላይ ሁለት ቀለበት አምልጧታል። አያቷ ግን በእሱ ካልሆነ ሻይ አልጠጣም ብላለች። ልጅን የእጅ ሥራ ማስጀመር የምትፈልጉ፣ ከአንገት ልብስ አትጀምሩ፤ ሳይጨርሱት ይሰለቹታል። የብርጭቆ ሹራብ ትንሽ ነው፣ ያልቃል፣ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል።

አሁን ጥቅምት ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ በማናና በጎማ ቡናው እየቀላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ይመጣል። ክንዱ ላይ የቡና ቅጠል የምታህል ምልክት አለች፤ ሐኪሙ ከጊዜ ጋር እየደበዘዘች ትሄዳለች ብሎናል። ባለፈው ቅዳሜ ቀይ ሹራብ ያለበሰውን ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ከበርጩማዬ ጎን ቆመ። የእኔ ቡኒ ብርጭቆ መሐል ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረና፣ ከቆመበት ንቅንቅ ሳይል፣ "ይፋጃል" አለኝ። ከዚያ ከሩቁ እፍ አለልኝ።

እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ። ብርጭቆዎቻችሁንም ከጠርዝ ራቅ አድርጉልኝ።